ማሽኑ የማያነበው መስመር

ማጎንግ፣ 10ኛው ወር፣ 15ኛው ቀን

ለተከበሩ የሒሳብ መምህር ሉ ዴሸንግ
ጂንግዩ ደሴት

እንደምን ሰነበቱ መምህር? ነፋሱስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ዘንድ የሰሜኑ ነፋስ ከትናንት ወዲያ ገብቶ የጽሕፈት ቤታችንን የማስታወቂያ ሰሌዳ ነቅሎ የጎረቤት ዓሣ ማስጫ ላይ ዘርግቶታል። ከዚያ በቀር ሰላም ነን።

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። በዚህ ዘመን በወረቀት የሚጽፍ ሰው አለ ብዬ ስላልጠበቅሁ፣ ፖስተኛው ሲሰጠኝ "ማን ሞተ?" ነው ያልኩት። ለጥያቄዎ መልሱ፦ ይቻላል! እንኳን ይኼ ሌላም ይቻላል።

መጀመሪያ ማንነቴን ልንገርዎት። ያን ቢሺያ እባላለሁ። የየደሴቱ ትምህርት ቤቶች ላፕቶፕ ሲታመም የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ኢንጂነር እንዳልመስልዎት። ከንግድ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በጸሐፊነት ነው የገባሁት። የቀድሞው ባለሙያ ታይፔ ሥራ ሲያገኝ የመጋዘኑን ቁልፍና ሊኑክስ የሚሉትን የላፕቶፖቹን ማዘዣ ሥርዓት አንድ ላይ እጄ ላይ ጥሎብኝ ሄደ። ስድስት ወር አለቀስኩ፤ በሰባተኛው ወደድኩት። ሊኑክስ እንደ እልኸኛ አማት ነው። ጠባዩን እስኪያውቁት ያስለቅሳል፣ ካወቁት በኋላ ጓዳውን ሁሉ ይከፍትልዎታል።

እንግዲህ ያ በስክሪን ላይ መሳያ፣ እኛ "መስታወቱ" የምንለው፣ ከተከፈተው ገጽ ሁሉ በላይ ተዘርግቶ እንደ መስኮት መስታወት የሚጻፍበት፣ አቋራጭ ቁልፎቹ የተሠሩት ሁለት እጅ ላለው ሰው ነው። መሳል ለመጀመር አንድ ቁልፍ፣ ለመደምሰስ ሺፍትን ይዞ ያንኑ፣ ለመደበቅ ኮንትሮልን ይዞ ያንኑ። እርስዎ እንደጠየቁት በአንድ እጅ እንዲሠራ አደረግሁት። ከላይ በግራ በኩል ያሉት አምስቱ ቁልፎች አሁን አንዳንድ ሥራ ይዘዋል፤ ለእያንዳንዱ ጣት አንድ። አንደኛው መሳል መጀመሪያ፣ ሁለተኛው ቀለም መቀየሪያ፣ ሦስተኛው አንድ መስመር ወደ ኋላ መመለሻ፣ አራተኛው ሁሉንም መደምሰሻ፣ አምስተኛው መደበቂያ። ሁለት ቁልፍ ባንዴ መያዝ የለም። ፋይሉ በፍላሽ ሆኖ ከደብዳቤው ጋር ተለጥፏል፤ የት እንደሚያስቀምጡት በጀርባው ጽፌአለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ካልፈለጉ አይመልሱ። ክንድዎን ሰበሩ እንዴ? የእኔ ባል የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ዓምና አውራ ጣቱን ቀጥቅጦ ሁለት ወር እንደ ሕፃን አጉርሼዋለሁ። አሁን በትከሻዬ አሻግሮ እያየ "ደብዳቤ ነው መጽሐፍ?" እያለኝ ነው።

ጤና ይስጥልኝ፣
ቢሺያ


ጂንግዩ፣ 11ኛው ወር፣ 2ኛው ቀን

ለእህት ቢሺያ፣

የላኩልኝ ፋይል ሠርቷል። እርስዎን ሳላመሰግን ሁለት ሳምንት ማለፉ የጀልባው ጥፋት ነው። ፊደሌ ዶሮ የጫረው መስሎ ከታየዎት ግን የጀልባው አይደለም።

ክንዴ አልተሰበረም። በበጋ ካኦሲዩንግ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ጡንቻን የሚያዝዘው ነርቭ እየሞተ ነው አለኝ። ከቀኝ እጅ ጀምሯል። "ወደ ኋላ ይመለሳል?" አልኩት። እንደ እኔው ዓይነት ሰው ነው፣ አላድበሰበሰም፤ "አይመለስም" አለኝ። ጠመኔ መያዝ ካቆምኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ለልጆቹ የጠመኔ ብናኝ አስም ቀሰቀሰብኝ ብያቸዋለሁ። ባለቤቴ ሩዪ ማለዳ ማለዳ የስክሪን እስኪርቢቶውን በመዳፌ ላይ በጨርቅ ታስርልኛለች፤ ክንዴን እያንቀሳቀስሁ እስላለሁ፣ ቁልፎቹን በግራ እጄ እነካለሁ። ከፕሮጀክተሩ ጀርባ ስለምቀመጥ እጄን የሚያይ የለም።

በወረቀት የምጽፈው ለዚህ ነው። በኔትወርክ የሚላክላችሁን መልእክት ስድስት ሰው እንደሚያነበው ሰምቻለሁ።

ዘጠኝ ልጆች አሉኝ። የዘጠነኛ ክፍል ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት የሒሳብ መምህር አይተው፣ ሦስቱም ነፋሱን ሸሽተው ሄደዋል። ፈተናቸው 5ኛው ወር በገባ በ18 ነው። ትምህርት ቤቱ ካወቀ በደንቡ መሠረት የሕመም ፈቃድ ይሰጠኛል፤ በክረምት ደግሞ እዚህ የሚመጣ ምትክ የለም። ቢያንስ ማጎንግ ሁለተኛ ደረጃ እንዲገቡ እፈልጋለሁ። የምለምነው እስከዚያች ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጣቶቼ የፈለጉትን ይሁኑ።

ስለዚህ ለማንም አይንገሩብኝ።

ሉ ዴሸንግ


ማጎንግ፣ 11ኛው ወር፣ 12ኛው ቀን

መምህር ሉ፣ ወንድሜ፣

ደብዳቤዎን መጋዘን ገብቼ፣ በር ዘግቼ አነበብኩት። ምን እንደምል አላውቅም፤ ይኼ ደግሞ በእኔ ላይ ደርሶ አያውቅም። ባሌን "ምሥጢር ተነገረኝ" ብዬው ብቻ፣ ምኑን ሳልነግረው፣ "አንቺ ምሥጢር? ወንፊት ውኃ ሲይዝ ነዋ!" ብሎ ሳቀብኝ። ያያል! የባሕሯ እናት ማዙ ምስክሬ ናት፣ ከአፌ አይወጣም።

ስለ አጠራሬ ደግሞ፦ "አንቺ" ይበሉኝ። እርስዎ ሲሉኝ ሰማንያ ዓመት የሞላኝ ይመስለኛል። እኔ ግን መምህርን አንተ ማለት አልችልም፤ እናቴ ከመቃብር ተነሥታ ትመታኛለች።

አሁን ደስ የሚል ነገር ላሳይዎት። አዲሱን ፋይል ሲከፍቱ አንዳንዱ መስመር ፊት ላይ ይህቺን የመስኮት ፍርግርግ የምትመስል ምልክት ያያሉ፦ #። ከሷ ቀጥሎ የተጻፈውን ማሽኑ አያነበውም፤ ዘሎት ያልፋል። ለሰው ብቻ ነው። የቀድሞው ባለሙያ "የማስታወሻ መስመር" ይለው ነበር፣ እሱ ግን እንደ ቴሌግራም ሁለት ቃል ነበር የሚጽፈው። እኔ ልጻፍ ካልኩ እጽፋለሁ! የትኛው ቁልፍ ለየትኛው ጣት እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ ሁሉን እዚያው እተርክልዎታለሁ። ደብዳቤ ቢጠፋ እንኳ ፋይሉ ያወራዎታል።

ማሽን ግን ሞኝ አይምሰልዎት። በቀደም አንድ የሰሜን ደሴት መምህር "ይኼን ላፕቶፕ ዕረፍቱን ሙሉ አልከፈትኩትም፣ በራሱ ነው የተበላሸ" ብሎ መጣ። ፋይሎቹን ባይ እያንዳንዱ የተነካበትን ቀንና ሰዓት ይዟል፤ እሑድ፣ ረቡዕ፣ ደግሞ እሑድ፣ ካርታ ጨዋታ! "መምህር፣ አፍዎ ይዋሻል፣ ፋይልዎ አይዋሽም" አልኩት፤ ጆሮው ቀላ።

የላክሁት የደረቀ ስኩዊድ ነው። ሩዪ በከሰል ትጥበስልዎት፣ እንደ ክር ትተልትልልዎት።

ቢሺያ


ጂንግዩ፣ 12ኛው ወር፣ 9ኛው ቀን

እህት ቢሺያ፣

ስኩዊዱ ግሩም ነበር። ወሬሽ ደግሞ ረጅም ነበር፤ በሁለት ጀልባ ነው ያነበብኩት። አትቀየሚኝ፤ እዚህ ደሴት ላይ ወሬ እንደ ጎመን ነው፤ በድንጋይ አጥር ካልተከለለ ነፋስ ይወስደዋል።

እንዴት እንደሆንኩ ጠይቀሻል። እንግዲህ ሐሙስ የሆነውን ልንገርሽ። ሦስት ማዕዘንና ክብን አያይዤ አርባ ደቂቃ ሙሉ የሳልኩትን፣ የመጨረሻውን አንድ መስመር ብቻ ልመልስ ብዬ የመሃል ጣቴን ወደ ሦስተኛው ቁልፍ ሰደድኩ። ጣቴ አራተኛው ላይ ወደቀች። ሁሉም ጠፋ። ስክሪኑ እንደ ባዶ ባሕር ሆነ።

ሹሃን የምትባል አፈ ስለት ልጅ አለችኝ። "መምህር! ነፋሱ ክፍል ገባ እንዴ? ጠርጎ ወሰደውኮ!" አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። "እስኪ ከጭንቅላታችሁ አውጥታችሁ መልሱት" አልኳቸው። ስምንቱ አቃታቸው። ሹሃን መለሰችው፤ ከአንዱ ማዕዘን በቀር። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው።

የግራ እጄ ትንሿና የቀለበት ጣት ከእንግዲህ አይሠሩም። አውራ ጣቴ ትነካለች እንጂ አትጫንም። የመሃሏና ሌባ ጣቴ ቀርተዋል።

ሉ


ማጎንግ፣ 12ኛው ወር፣ 18ኛው ቀን

መምህር ሉ፣

ጥፋቱ የእኔ ነው! መመለሻንና መደምሰሻን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ጨውና አመድ ባንድ መደርደሪያ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። አሁን መደምሰሻውን ወደ ቀኝ ዳር አባረርኩት፤ ሆን ብለው በክርንዎ ካልሄዱበት አይገኝም። ሁለቱ ጣቶች ሁለት ቁልፍ ይዘዋል። ቀለም መቀየሩን ተውነው፤ ሁሉም በቀይ ይሁን። ቀይ ዕድል ነው።

በየማታው በራሴ ላፕቶፕ ላይ እየሞከርኩት ነው። የቀኝ እጄን ከቂጤ ሥር አድርጌ እቀመጥበታለሁ፣ ከግራው ሦስት ጣት በጎማ አስራለሁ። ባሌ ገብቶ አየኝና "ምን ነካሽ?" አለኝ። "የመንግሥት ሥራ ነው" አልኩት። አዩ፣ አልነገርኩትም!

ምን ያህል ምዕራፍ እንደቀራችሁ ይጻፉልኝ። እኔም እየቆጠርኩ ነው።

ቢሺያ


ጂንግዩ፣ 1ኛው ወር፣ 16ኛው ቀን

እህት ቢሺያ፣

አምስት ምዕራፍ ቀርቶናል። የመንፈቁ ፈተና አለቀ። ከዘጠኙ ስድስቱ አልፈዋል፤ አምና በዚህ ጊዜ አንድም አላለፈም ነበር። ይኼን ለሰው ባወራው ደስ ባለኝ፤ ለአንቺ ጻፍኩት።

ሌባ ጣቴ ብቻ ቀርታለች። ግራዋ። ሌሎቹ ተራ በተራ ሲሄዱ እሷ እንደ ስሟ ተደብቃ ተረፈች። ሁሉን ነገር በአንድ ቁልፍ ማድረግ ይቻላል? ቁልፉ ጠርዝ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሳላይ በዳሰሳ እንዳገኘው።

ይኼን ደብዳቤ የጻፍኩት በአራት ቀን ነው። ስለዚህ ቢያጥር አትቀየሚ።

ሉ


ማጎንግ፣ 2ኛው ወር፣ 20ኛው ቀን

መምህር ሉ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎት፣ እንኳን ለፋኖሱ በዓልም! ፍላሹ ቀድሞኝ በባለፈው ጀልባ እንደደረሰ ሩዪ በስልክ "እቃው ደርሷል" ብላኛለች፤ እኔም "መልካም" ብዬ ዘጋሁ። ሁለት ቃል! ቢሮው ሁሉ ታምሜ እንደሆነ ጠየቀኝ።

እንግዲህ ግራው ጥግ ላይ ያለችው ቁልፍ ብቻ ናት። አንዴ ሲነኳት መሳል ትጀምራለች። ሁለቴ ሲነኳት አንድ መስመር ትመልሳለች። ተጭነው ከቆዩ ትደመስሳለች። ሌላው ኪቦርድ በሙሉ ለመስታወቱ ደንቆሮ ነው፤ ክርንዎ ቢወድቅበት እንኳ ምንም አይሆንም።

ትናንት ማታ ደግሞ ቤተ መቅደስ ሄድኩ። ከሩዝ የተሠሩት የበዓሉ ኤሊዎች ተደርድረዋል፣ ሰው እንደ አሸዋ። በእርስዎ ስም ዕጣ እንጨቶቹን ጣልኩ። ባሌ "ለማን ነው?" ሲለኝ "ለአክስቴ ልጅ" አልኩት፤ ለማዙም ይቅር በይኝ አልኳት። ሦስት ጊዜ በተከታታይ እሺ አለችኝ! ኤሊዋን ወሰድኩ። እንደሚያውቁት ዘንድሮ የወሰደ ለከርሞ ከዚያ የሚበልጥ ይዞ መመለስ አለበት። ስለዚህ ለከርሞ መኖር ግዴታዎ ነው፤ ለማዙ ቃል ገብቼብዎታለሁ።

ሌላ ደስታ፦ በዕረፍቱ የየትምህርት ቤቱን ላፕቶፕ ሰብስቤ አደስኩ። ስድሳ ሦስት! ከእርስዎ በቀር የሁሉንም። አንድ በአንድ ማስተካከል ክረምት ይፈጃል፤ ስለዚህ የራሴን ላፕቶፕ አሳምሬ አዘጋጀሁና፣ እሱን እንዳለ ስድሳ ሦስቱ ላይ ገለበጥኩት። አለቃችን "ቢሺያ፣ አንቺ የመጋዘኑ ንግሥት ነሽ" አለኝ። ሰኞ ሁሉም በየክፍሉ ይከፈታል።

የቀረው ሦስት ወር አይሞላም። እንደርሳለን!

ቢሺያ


ማጎንግ፣ 2ኛው ወር፣ 27ኛው ቀን

መምህር፣

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ሰምተዋል። ከእኔ ግን አልሰሙም፤ ከእኔ መስማት አለብዎት።

የራሴ ላፕቶፕ ላይ የእርስዎ ፋይል ነበረ። የምሞክርበት። አላወጣሁትም። ከሌላው ጋር አብሮ ስድሳ ሦስቱም ላይ ተገለበጠ።

ሰኞ ጠዋት እዚሁ ማጎንግ አንዲት የሳይንስ መምህርት መስታወቱን ልትከፍት ብትል የለመደችው ቁልፍ ሁሉ እምቢ አላት። ከጥጉ ቁልፍ በቀር። ብልህ ናት፤ ፋይሉን ከፍታ አየችው። እኔ ደግሞ እዚያ ውስጥ ምን እንደጻፍኩ ያውቃሉ።

# መምህር ሉ፣ ይህቺ ለግራ እጅዎ ሌባ ጣት ናት፤ ሌሎቹ ዐርፈዋል።
# አይዞዎት፣ እስከ ፈተናው ታደርሰናለች።
# ርእሰ መምህሩ እንዳይጠረጥር ግን ከፕሮጀክተሩ ጀርባ አይውጡ።

ለመምህራኑ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ክፋት አይደለም፤ "ይኼ የማን እጅ ነው?" ብላ ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ስልኩ ጂንግዩ ደርሷል።

ከአፌ አልወጣም፣ መምህር። ከጣቴ ነው የወጣው። ሁለት ቃል ብጽፍ ኖሮ፣ እንደዚያ እንደ ቀድሞው ባለሙያ "ግራ፣ አንድ ቁልፍ" ብዬ ብተው ኖሮ፣ ማንም ምንም አይገባውም ነበር።

ባሌ ሁሉን ሰማ። እንደሚስቅብኝ ጠብቄ ነበር። አልሳቀም።

ምን አደረጉዎት? ይጻፉልኝ። ቢሰድቡኝም ይጻፉልኝ።

ቢሺያ


ጂንግዩ፣ 3ኛው ወር፣ 20ኛው ቀን
(በሩዪ እጅ የተጻፈ)

እህት ቢሺያ፣

ሦስት ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የምናገረውን ሩዪ ትጽፋለች። ድምፄም ከጣቶቼ መማር ስለጀመረ አሳጥራለሁ።

ምን እንደሆነ ደጋግመሽ ጠይቀሻል። ሰኞ ከምሳ በኋላ ርእሰ መምህሩ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ጨዋ ሰው ነው፤ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አልገባም። እኔም አይቼዋለሁ። የክብን ታካኪ መስመር እያሳየሁ ነበር። ጨረስኩት። ከዚያ ሹሃን እጇን አወጣችና "መምህር፣ አሁንስ አትደምስሱት፣ ልገልብጠው" አለች። ጠበቅኋት። ቀድታ ስትጨርስ ቁልፉን ይዤ ቆየሁ፤ ጠፋ። መስታወት ላይ የተጻፈ ነገር አይቀመጥም፤ ታውቂያለሽ።

በማግሥቱ የፈቃድ ወረቀት ተሰጠኝ። ምትኩ ሁለት ሳምንት ቆይቶ በጀልባ መጣ፣ ባሕሩ አሞት ሁለት ቀን ተኛ፣ በሦስተኛው ተመለሰ። ልጆቹ አሁን ከማጎንግ የተቀዳ ትምህርት ያያሉ። ሹሃን በመስኮት መጥታ "ያ ሰውዬ ስንጠይቀው አይመልስም፤ ጆሮ የለውም እንዴ?" አለችኝ። ሩዪ በር ድረስ ሸኘቻት፤ ደንቡ ስለማይፈቅድ።

ጥፋትሽ አይደለም እንድልሽ ትፈልጊያለሽ። በሒሳብ ሰው ቁጥሩን ለማስደሰት መልስ አይቀይርም። ሌባ ጣቴ እስከ ፈተናው ታደርሰኝ ነበር። ይኼን አምናለሁ። ክፋት እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ ሁለቱም ባንድ ላይ እውነት ናቸው።

ብዙ አትጻፊልኝ። ደብዳቤሽ በመጣ ቁጥር ሩዪ ታነብልኛለች፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ነኝ።

ሉ ዴሸንግ


ማጎንግ፣ 6ኛው ወር፣ 12ኛው ቀን

ለእህቴ ለሩዪ፣ ለብቻሽ

ላፕቶፑ በሰኞው ጀልባ ደርሷል። በፎጣ ጠቅልለሽ ስለላክሽው አንድም ቦታ አልተጫረም። ካኦሲዩንግ ሆስፒታል ከገባችሁ ወዲህ መናገር እንዳቃተው የጻፍሽልኝንም አነበብኩ። እንግዲህ ይሰማል ማለት ነው፤ ለመስማት ጣት አያስፈልግም። በዚህ ፖስታ ውስጥ ሌላ ደብዳቤ አለ፤ የእሱ ነው፤ ያንን አንብቢለት። ይኼኛውን ግን አንብበሽ ቅደጂው።

የልጆቹን ውጤት ሰምታችሁ ይሆናል። በሒሳብ ሁለት አለፉ። ሹሃንና አንድ ሌላ ልጅ። ሰባቱ ወደቁ።

በደንባችን የተመለሰ ላፕቶፕ ይታጠባል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይሆናል። ከማጠቤ በፊት ያንን ፋይል ከፈትኩት። እዚያ የእኔ ወሬ ሁሉ አለ። ከታች ግን የእኔ ያልሆነ አንድ መስመር አገኘሁ።

# 2ኛው ወር 21። እህት ቢሺያ፣ ዛሬ ሌባ ጣቴ ቁልፉን ነካች እንጂ አልተጫነችም። ሰኞ ለርእሰ መምህሩ በራሴ አፍ ልነግረው ወስኛለሁ። ከአንቺም ደብቄአለሁ፤ አንቺ ያጎደልሽው ነገር የለም።

ሐሙስ ማለት ነው፤ የእኔ ጉድ ከመውጣቱ ከአራት ቀን በፊት። ሩዪ፣ ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ጮህኩ። ሦስት ወር ተኩል ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ነው የተነሣልኝ። አለቃዬ ሮጦ መጣ፤ "ምን አገኘሽ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። ደስታዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ያዝኩት።

ከዚያ የሥራዬ ልማድ ሆኖ ቀኑን አየሁት። ማሽኑ ፋይል የተነካበትን ቀን ይይዛል። ለእሱም ጽፌለት ነበር፤ ከዚያ ካርታ ተጫዋች ወሬ ጋር። ወይ ረስቶታል፣ ወይ ወሬዬ ረዝሞበት ዘሎታል።

2ኛው ወር 21 አይደለም። 5ኛው ወር 17 ነው። የፈተናው ዋዜማ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተጀምሮ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ያለቀ።

ስምንት ሰዓት፣ እህቴ። ለአንድ መስመር። አንቺ አላየሽ ይሆናል፤ ወይም አይተሽ ምን እያደረገ እንደሆነ አልጠየቅሽ ይሆናል። ግን እያንዳንዷን ፊደል በሌባ ጣቱ ነው የተጫናት። በ2ኛው ወር አልተጫነችም ባላት ጣት። በፈተናው ዋዜማ እንኳ ትጫን ነበር። ታደርሰው ነበር። በ3ኛው ወር ያለኝ ነው እውነቱ፤ ይኼኛው ለእኔ ብሎ የቀየረው መልስ ነው።

ቁጥር ለማስደሰት መልስ የማይቀይር ሰው።

ፋይሉን ማስቀረት አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ዝም ተብሎ ከተገለበጠ ቀኑ ይለወጣል፤ የዛሬን ይይዛል። ቀኑን ሳይለውጡ መገልበጫ መንገድም አለ፤ አውቀዋለሁ። ረጅም ሰዓት እጄ ኪቦርዱ ላይ ቆየ። በመጨረሻ ዝም ብዬ ገለበጥኩት። ከዚያ ማሽኑን አጠብኩት። አሁን ያ መስመር የተጻፈው በየትኛው ቀን እንደሆነ የሚያውቅ ማሽን የለም። እሱ 2ኛው ወር 21 ካለ፣ 2ኛው ወር 21 ነው።

የማውቀውን እንዳያውቅ። ይኼን ምሥጢር እይዘዋለሁ። ባሌንም ጨምሮ ለማንም አልናገርም፤ ወንፊቱም ተደፍኗል።

ቢሺያ


ማጎንግ፣ 6ኛው ወር፣ 12ኛው ቀን

ውድ መምህር ሉ፣

እንዴት ከረሙ? የካኦሲዩንግ ሙቀትስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ዘንድ ነፋሱ ወጥቶ ስለሄደ ሰው ሁሉ በቁልቋል ፍሬ የተሠራ በረዶ እየላሰ ምላሱ ቀይ ሆኗል፤ ባሌም በዚህ ዕድሜው።

ብዙ አትጻፊ ብለውኝ ነበር፤ ይኸው ሦስት ወር ታገሥኩ። ዛሬ ግን የደረሰኝን ላፕቶፕ ከፍቼ መስመርዎን አነበብኩት። እንዴት ተናደድኩብዎት መሰለዎ! ከእኔ መደበቅ? እኔ እንደዚያ በጎማ ጣቴን አስሬ ስታገል፣ እርስዎ ሐሙስ ዕለት ነገሩ ማለቁን አውቀው ዝም? ይኼን ሁሉ ጊዜ በከንቱ አስለቀሱኝ! ባሌ ሲሰማ "ታዲያ ለምን ቶሎ አልነገረሽም፣ እኔ ነኝ የተቃጠልኩት" ነው ያለው።

ግን ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ ሩዪ ፊቴን ብታየው ትመሰክር ነበር። ሳነበው ጮህኩ፣ አለቃዬ ደንግጦ ሮጠ። ዛሬ ያለ ሐሳብ እተኛለሁ።

ሹሃን ባለፈው ሳምንት ለመመዝገብ በጀልባ መጥታ ነበር፤ መጋዘኔ ድረስ ፈልጋኝ መጣች። "መምህሬን በፋይል ያሳጣሽው አንቺ ነሽ?" አለችኝ። "እኔ ነኝ" አልኳት። ትንሽ አየችኝና "እንግዲያው መስታወቱን አሳዪኝ" አለች። ቁልፎቹን ሁሉ አሳየኋት። ያንን የጎደላትን ማዕዘን ስክሪኔ ላይ ሳለችው፤ ትክክል ነው አለች፣ እኔ አላውቅም። ከዚያ ደመሰሰችውና ሄደች።

የከርሞዋን ኤሊ አይርሱ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ እሷ በእኔ ናት፣ ከዘንድሮዋ አንድ እጅ ትበልጣለች።

ለሩዪ ሰላምታዬ ይድረሳት። ለግራ እጅዎ ሌባ ጣትም ሰላም ይበሉልኝ፤ በ2ኛው ወር 21 ላረፈችው።

የእርስዎው ቢሺያ